ጉስ ሂዲንክ ለማን ይታመን?

እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 2008 ማታ፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ውስጥ አንድ ሆላንዳዊ ሆላንድን አሸነፈ። ሰውየው ጉስ ሂዲንክ ነው፤ ያሸነፈውም የሩሲያን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ነው። ጨዋታው የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ሆላንድ በምድቧ ጣሊያንን 3 ለ 0፣ ፈረንሳይን 4 ለ 1፣ ሩማንያን 2 ለ 0 ገርፋ ነው የመጣችው። ሩሲያ ደግሞ በመጀመሪያ ጨዋታዋ በስፔን 4 ለ 1 ተቀጥታ፣ እንደምንም ተፍጨርጭራ ያለፈች ናት። ጋዜጠኞች ሂዲንክን በገዛ አገርህ ላይ ልትነሳ ነው ወይ እያሉ ሲወጥሩት፣ የዓመቱ ከሃዲ ብባል ደስ ይለኛል ብሎ ቀለደባቸው። መደበኛው ሰዓት 1 ለ 1 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ቶርቢንስኪና አርሻቪን አከታትለው አገቡ። 3 ለ 1።

በቀልድ ይወርውራት እንጂ ቃሏ ከባድ ናት። ከሃዲ! እኛ ዘንድማ ከሌባም ከነፍሰ ገዳይም ትከፋለች። ሌባ ታስሮ ይወጣል፣ ነፍሰ ገዳይ ሽማግሌ ልኮ ደም ያደርቃል፤ ከሃዲ የተባለ ሰው ግን የልጅ ልጆቹ እንኳ ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለመሆኑ ተከፍሎት በሰው አገር የሚሠራ ሰው ታማኝነቱ ለማን ነው? ለከፈለው ነው ወይስ ለወለደው? ጥያቄው የኳስ ይመስላል እንጂ የኳስ ብቻ አይደለም። ዛሬ ስንቱ ወገናችን ነው በሰው አገር፣ በሰው ደመወዝ፣ በሰው ሕግ የሚያድረው?

ሰውየውን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ሂዲንክ በ1946 በምሥራቅ ሆላንድ ቫርሴቬልድ በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። አባቱ አስተማሪ ነበሩ፤ በጦርነቱ ጊዜም ናዚን በድብቅ ከታገሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። ልጃቸው በተጫዋችነቱ እንደነ ክራይፍ ስሙ የገነነ አልነበረም። ደ ግራፍስካፕ በሚባል የአካባቢው ክለብ አማካይ ሆኖ ብዙ ዘመኑን ፈጀ፤ ፒኤስቪን ሞከረ፣ አሜሪካም ተሻግሮ ለዋሽንግተንና ለሳን ሆዜ ክለቦች ተጫወተ። ጎን ለጎን ግን ትምህርት የሚከብዳቸውና ጠባያቸው ያስቸገረ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በ1988 ፒኤስቪን ይዞ የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫን ወሰደ። አወሳሰዱ ያስቃል፤ ከሩብ ፍፃሜ ጀምሮ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ከቦርዶ ሁለቴ አቻ፣ ከሪያል ማድሪድ ሁለቴ አቻ፣ ከቤንፊካ አቻና በመለያ ምት 6 ለ 5። ከዚያ በኋላ ሻንጣው አልተፈታም። ፌነርባቼ፣ ቫሌንሲያ፣ የሆላንድ ብሔራዊ ቡድን፣ ሪያል ማድሪድ፣ ቤቲስ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ እንደገና ፒኤስቪ፣ አውስትራሊያ፣ ሩሲያ፣ ቼልሲ፣ ቱርክ፣ አንዚ፣ እንደገና ሆላንድ፣ እንደገና ቼልሲ፣ ቻይና፣ ኩራሳዎ። ደግሞ ብቻውን አይደለም። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ አራት ቡድኖች በሆላንዳውያን ነበር የሚመሩት፤ ቫን ባስተን የራሱን አገር፣ ሂዲንክ አውስትራሊያን፣ አድቮካት ኮሪያን፣ ቤንሃከር ትሪኒዳድን ይዘው። ሆላንዶች በጥንት ዘመን ቅመም ነበር በመርከብ የሚነግዱት፤ አሁን አሰልጣኝ ሆኗል።

የባዝሉን ጨዋታ ያየሁት እንደ ብዙው ሰው ሻይ ቤት ውስጥ ተጋፍቼ ነው። አጠገቤ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ተቀምጠው ነበር። ሦስተኛዋ ጎል ስትገባ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ደቅ አድርገው፣ «ውሻ በበላበት ይጮሃል!» አሉ።

«አባባ፣ ታዲያ ምን ያድርግ? እንጀራው እኮ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ ነው፣ የኔ ልጅ። ይሥራ፣ ማን ከለከለው። ግን ትንሽ እንኳ ፊቱ ቅጭም ቢል ምናለ?»

እኚህ አባት ያነሷት ነገር ከጋዜጠኞቹ ጥያቄ የጠለቀች ሆና አገኘኋት። ለምን አሸነፈ አላሉም። ለምን አላዘነም ነው ያሉት። ጉልበቱን ለሩሲያ ቢያከራይ ግድ የላቸውም፤ ልቡን ግን እቤቱ ትቶት እንዲሄድ ይፈልጋሉ። ብዙዎቻችንም እንደሳቸው ነን። በሰው አገር ሥራ፣ ግን አትውደድ። ብላ፣ ግን አይጣፍጥህ።

እኔ ደግሞ ይህ ነገር አይዋጥልኝም። አንድ ሰው ቡድን ላሠለጥን ብሎ ቃል ሲገባ የሚሸጠው የሥራ ሰዓት ብቻ አይደለም። ሃያ ሦስት ተጫዋቾች ልባቸውን እየሰጡት ነው። አርሻቪን ማታ ሲተኛ፣ ይህ ሰው ነገ በአገሩ ልጆች ላይ እጁ ይለዝብ ይሆን ብሎ ከተጠራጠረ ቡድኑ ያኔውኑ ፈርሷል። ቫን ደር ሳርን በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ሆላንድ ግብ ላይ ያቆመው ሂዲንክ ራሱ ነበር፤ ያን ሁሉ እያወቀ ግማሹን ለራሱ ቢያስቀር፣ ያን ጊዜ ነበር በእውነት ከሃዲ የሚባለው። የሚከዳው ግን ሆላንድን ሳይሆን አምነው የተከተሉትን ልጆች ነው። በአንድ እግሩ እዚህ በአንድ እግሩ እዚያ የቆመ ሰው የሚያስመሰግነው ለሚያዩት ብቻ ነው እንጂ አብረውት ለሚሠሩት ሸክም ነው።

«ለጦርነት ቢቀጠርስ?» የሚለኝ ይኖራል። ለጦርነት ቢቀጠር አልከራከርለትም። የተሸነፈች ሆላንድ በማግሥቱ ጠዋት ግብሯም፣ ወተቷም፣ ባቡሯም እንደነበረ ነው፤ የጠፋት የአንድ ሳምንት ደስታ ነው። አገርን የሚያደማ ሥራና አገርን የሚያስከፋ ሥራ ለየቅል ናቸው። እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን፤ ችግሩ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ደግሞ እዩት ነገሩን። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ያው ሂዲንክ ኮሪያን ይዞ ጣሊያንን 2 ለ 1 ሲያሰናብት የማሸነፊያዋን ወርቃማ ጎል ያገባው አን ጁንግ ሁዋን ነው። አን በዚያን ጊዜ እንጀራውን የሚበላው ጣሊያን አገር፣ ፔሩጃ ክለብ ነበር። የክለቡ ባለቤት ተቆጣ፤ የጣሊያንን እግር ኳስ ላጠፋ ሰው ደመወዝ አልከፍልም አለ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ መሆኑ ነው በኛ አነጋገር። እንግዲህ አን ለወለደችው አገር ስላገባ በሚያበላው ዘንድ ከሃዲ ሆነ። ሂዲንክ ደግሞ ለሚያበላው ስላሸነፈ በወለደችው ዘንድ ከሃዲ ተባለ። ሰው ታዲያ በየት በኩል ይሂድ? ልብ ብላችሁ ካያችሁ በሁለቱም ቦታ ቃሏን የወረወረው የተሸነፈው ወገን ነው። ሩሲያ ባዝል ላይ 3 ለ 0 ተሸንፋ ቢሆን ኖሮ ማንም ሆላንዳዊ ሂዲንክን በክህደት አይከሰውም ነበር፤ እንዲያውም የዋህ ሽማግሌ ተብሎ ይዘነግ ነበር።

ኮሪያን ካነሳን አይቀር ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ባዕድ ሰው ለምን እንደሚፈለግ እንደዚያ ያለ ማስረጃ አላየሁም። ደቡብ ኮሪያ ከ1954 ጀምሮ በአምስት የዓለም ዋንጫዎች 14 ጨዋታ አድርጋ አንዱንም አላሸነፈችም። ሂዲንክ በ2001 መጀመሪያ ሥራውን ተረከበ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ 5 ለ 0፣ በቼክም 5 ለ 0 ተሸነፈ፤ ጋዜጦቹም «አምስት ለዜሮ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ኮሪያውያን ጉልበት አለን፣ የጎደለን የኳስ ጥበብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እሱ ተገላቢጦሹን ነገራቸው፤ ኳሱንስ ታውቃላችሁ፣ ዘጠና ደቂቃ የሚሮጥ ሳንባ ነው የሌላችሁ አላቸው። ለወራት አስሮጣቸው።

ከሩጫው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላው ሥራው ነው። ኮሪያ እንደኛው የታላቅና የታናሽ አገር ናት። ቋንቋቸው ራሱ ለታላቅ የሚነገርበትና ለታናሽ የሚነገርበት ተለይቶ የተሠራ ነው። ታናሽ ታላቁን በስሙ አይጠራም። ገበታ ላይ ታላላቆቹ አንድ ላይ፣ ታናናሾቹ አንድ ላይ ይቀመጡ ነበር። አሁን ይህን ወደ ሜዳ ውሰዱትና አስቡት። ታናሽየው ጎል ፊት ብቻውን ቆሟል፣ ኳሷ ታላቁ እግር ላይ ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ እንደፈቀዱ፣ ካላስቸገርኩዎ ኳሷን ወዲህ ቢሏት...» ብሎ እስኪጨርስ ተከላካይ መጥቶ ይዟት ሄዷል። ሂዲንክ ሜዳ ውስጥ ሁሉም በስሙ ይጠራራ፣ በአንተ ይነጋገር፣ ገበታም ተቀላቅላችሁ ብሉ ብሎ አዘዘ።

አንድ ባዕድ ሰው የአንድን ሕዝብ የአክብሮት ሥርዓት እንዲህ ብድግ ብሎ ሊያነሳ መብት አለው ወይ? እኔ እንኳ የታላቅ ወንድሜን ስም ሳልፈራ የጠራሁት በስንት ዘመኔ ነው! ነገር ግን ሂዲንክ ሥርዓቱን ከአገሩ አላነሳም። ከሜዳው ነው ያነሳው። ተጫዋቾቹ ቤታቸው ሲገቡ ያው ጨዋ ልጆች ናቸው። ይህን ልዩነት ደግሞ አንድ ኮሪያዊ አሰልጣኝ ሊያደርገው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም እሱ ራሱ የአንዱ ታናሽ፣ የአንዱ ታላቅ፣ የአንዱ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ሂዲንክ ግን የማንም ምንም አይደለም። አክስት የለችውም፤ ልጄን አስገባልኝ ብላ ደጅ የምትጠናው። በዚህም የተነሳ ነው በጃፓን ኪዮቶ ክለብ የሚጫወተውን፣ ብዙ ወሬ ያልነበረውን ፓርክ ጂ ሱንግን መርጦ ያሰለፈው። ያ ልጅ ፖርቱጋል ላይ አግብቶ በቀጥታ ሮጦ የተጠመጠመው አሰልጣኙ ላይ ነበር።

ጆርጅ ሲምል የሚባል ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1908 ስለ ባዕድ ሰው በጻፈው አጭር ጽሑፉ የጥንት የጣሊያን ከተሞችን ያነሳል። ከተሞቹ ዳኛቸውን ከውጭ ነበር የሚያመጡት፤ ከከተማው ተወላጅ ውስጥ ከዘመድና ከወገን ነፃ የሆነ ሰው ማግኘት ስለማይቻል። ፖዴስታ ይባል ነበር ሹሙ። ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ያገለግላል፣ ጊዜው ሲያልቅ ሥራው ይመረመራል፣ ከዚያ ይሸኛል። ከዛሬው የአሰልጣኝ ውል በምን ይለያል? የባዕዱ ጥቅም ያው ባዕድነቱ ነው። እንግዲህ ለዳኝነቱ ባዕድ ሁንልን ብለን ቀጥረን፣ ለልቡ ደግሞ ዘመድ አትርሳ ማለት እንዴት ይሆናል?

የኮሪያ ጉዞ በግማሽ ፍፃሜ በጀርመን 1 ለ 0 ተቋጨ። ከጣሊያንና ከስፔን ጋር በነበሩት ጨዋታዎች ዳኞቹ የሠሩት እስካሁን ያነጋግራል፤ የጣሊያኖቹ ቁጭት መሠረት የለውም የምል ሰው አይደለሁም። ኮሪያውያን ግን ለሂዲንክ የክብር ዜግነት ሰጡት፣ የጉዋንግጁ ስታዲየምንም በስሙ ጠሩት። እሱም ተሰናብቶ ሄደ። ከሱ በኋላ አንድ ፖርቱጋላዊ አመጡ፣ ከዚያም ተከታትለው ሦስት ሆላንዳውያን መጡ። ያ ተአምር ግን አልተደገመም። ባዕድ ጉልበቱን ትቶ አይሄድም፣ ይዞት ነው የሚሄደው። ይህ የፖዴስታው ጉድለት ነው።

እስካሁን ስሟገትለት የቆየሁ ሰው ላይ አሁን ፊቴን ላዙር። በ2005 ፒኤስቪንና አውስትራሊያን በአንድ ጊዜ ያዘ። በ2009 የሩሲያን ብሔራዊ ቡድን እንደያዘ ቼልሲን ለጥቂት ወራት ደረበ። ውጤቱ አላሳፈረውም፤ አውስትራሊያን ከ32 ዓመት በኋላ ለዓለም ዋንጫ አብቅቷል፣ በቼልሲም የኤፍ ኤ ካፕን አንስቷል። ግን ለቀጠረኝ ልቤን እሰጣለሁ የሚለው ክርክር ልቡ አንድ ሲሆን ነው የሚያምረው። በዚያው በ2009 ኅዳር ሩሲያ በስሎቬኒያ ተረትታ ከዓለም ዋንጫ ስትቀር፣ ሩሲያዊ ደጋፊ ልቡ ለንደን ነበር ቢል ምን ብዬ እመልስለታለሁ? በ2012 ደግሞ አንዚ ማካችካላን ያዘ። የዳግስታን ክለብ ነበር፤ ባለቤቱ ባለጠጋ፣ ኤቶን የመሰለ ተጫዋች ሰብስቦ፣ ቡድኑ ሞስኮ ተቀምጦ ልምምድ ይሠራ ነበር፤ ለጨዋታ ብቻ በአውሮፕላን ማካችካላ ይሄድ ነበር። የሚጫወትለትን ሕዝብ ከአውሮፕላን መስኮት የሚያይ ቡድን! በ2013 ሂዲንክ ለቀቀ፤ ባለቤቱም ወዲያው ገንዘቡን ሰበሰበና ውድ ውድ ተጫዋቾቹ ተሸጡ። ልብን ማከራየት ሲሉ እንዲህ ያለውን ከሆነ፣ የሻይ ቤቱ አባት ተረት ትክክል ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ኳስ የሌለበት ጉዳዩ ነው። በየካቲት 2007 አንድ የሆላንድ ፍርድ ቤት ሂዲንክን በግብር ማጭበርበር ጥፋተኛ አለው። አኬል በምትባል የቤልጂግ መንደር እኖራለሁ ብሎ አስመዝግቦ ነበር፤ መንደሯ ፒኤስቪ ካለበት ከአይንድሆቨን ብዙ አትርቅም። ፍርድ ቤቱ ግን ሰውየው በእውነት የሚኖረው ሆላንድ ነው ብሎ ደመደመ። ስድስት ወር እስራት በገደብ፣ 45,000 ዩሮ ቅጣት።

አሁን ያስያዝኳችሁን ነገር መልሱልኝ። ያ ትምህርት የሚከብዳቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ወጣቱ ሂዲንክ ደመወዝ ይበላበት የነበረው፣ በምን ይተዳደር ነበር? በሕዝብ ግብር ነው። አገር ከልጇ የምትጠብቀው ባዝል ላይ ፊቱ ቅጭም እንዲል አይደለም። ሊኖርባት ከሆነ እንደሚኖርባት እንዲናገር፣ ያለበትን እንዲከፍል ነው። እኔ ዳኛ ብሆን በባዝሉ ነፃ አሰናብተዋለሁ፤ በአኬሉ ግን አልምረውም። የሚገርመው የሕዝቡ ጩኸት ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ለሁለት ጎል ያበደ ሰው፣ ለግብሩ ወሬ ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ አለፈው። በእኛም አገር ባንዲራ ለብሶ ስታዲየም የሚያለቅሰውና በማግሥቱ ደረሰኝ የማይቆርጠው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስም አልጠራም።

ለሰውየው ሚዛን ይሆን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1992 ቫሌንሲያን ሲያሠለጥን ተመልካቾች መካከል የናዚ ምልክት ያለበት ባንዲራ አየ። ይህ ካልወረደ ቡድኔ አይጫወትም አለ። ወረደ። ይህን ውሉ አላዘዘውም፣ ደጋፊውን ቢያስቀይም ሥራውን ሊያጣም ይችል ነበር። የአስተማሪው ልጅ ልቡን ሁሉ አላከራየም ማለት ነው፤ ለማንም የማይከራይ ክፍል ነበረው።

ደግሞ ይህ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። ያ የባዝል ጨዋታ በተደረገበት በዚያው በ2008፣ አንዲት የአዳማ ልጅ በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ሆላንድ ገባች። ሲፈን ሐሰን። ነሐሴ 11 ቀን 2024 ፓሪስ ላይ፣ በኦሊምፒክ ማራቶን መጨረሻ ከትዕግስት አሰፋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፣ ሲፈን በሦስት ሰከንድ ቀደመች። ኢትዮጵያ አቤት አለች፤ አቤቱታው ውድቅ ሆነ። የሆላንድ ባንዲራ ተሰቀለ። ያን ዕለት ከጓደኞቼ አንዱ ተናዶ ያቺኑ ቃል ወረወራት፤ ሌላው ደግሞ «እንዴት ያለች ጀግና ያገራችን ልጅ!» እያለ ያጨበጭብ ነበር። ሁለቱም ባለቤትነታቸውን እየተናገሩ ነው። እሷ ግን እንደ ሂዲንክ ብዙ ገንዘብ አቅርበውላት ውል ፈርማ የሄደች አሰልጣኝ አይደለችም፤ በልጅነቷ የተሰደደች፣ አስጠግተው ያሳደጓት ሰው ናት። ለሂዲንክ የፈቀድኩትን ለሷ የምነፍግበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ትዕግስት ስትቀደም ግን ሆዴ ባር ባር አለ፣ አልዋሽም። ሆድ የራሱ ሕግ አለው። ሆዴ ባር ስላለ ግን ልጅቷ ጥፋተኛ አትሆንም።

ሂዲንክ በመጨረሻ የያዘው ቡድን ኩራሳዎ ነበር፤ በ2020 ተረክቦ በ2021 ጡረታ መውጣቱን አሳወቀ። ኩራሳዎ በካሪቢያን ያለች ደሴት ናት፤ የራሷ ብሔራዊ ቡድን አላት፣ ዘውዱ ግን የሆላንድ ነው። ከተጫዋቾቿ አብዛኞቹ የተወለዱት ሆላንድ ውስጥ ነው፤ የወላጆቻቸውን አገር መርጠው ነው ማሊያዋን የሚለብሱት። በኅዳር 2025 ይህች ትንሽ ደሴት ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አለፈች። አሰልጣኟ ሌላው ሻንጣ ተሸካሚ ሆላንዳዊ፣ ዲክ አድቮካት ነበር። እዚያ ቡድን ውስጥ ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን ለማን እንደታመነ ለማወቅ የሞከረ ሰው ካለ እኔ አላየሁም። ደሴቲቱ ላይ ያን ሌሊት ሲጨፈር ነው ያደረው።